ቫይሳኪን ከሲኮች ጋር ለሚያከብር እንግዳ

በሰሜን ሕንድ ፑንጃብ ውስጥ ለሚማር ኢትዮጵያዊ ሚያዝያ ሲገባ የማይቀር ግብዣ አለ። የክፍል ጓደኛው ወይም ቤት ያከራዩት ሰዎች «ለቫይሳኪ ጉርድዋራ አብረን እንሂድ» ይሉታል። ቫይሳኪ የሲኮች ታላቅ በዓል ነው፤ ጉርድዋራ ደግሞ ቤተ ጸሎታቸው። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ሃይማኖቴ ሌላ ሆኖ መግባት እችላለሁ? ምን ልልበስ? ባልሰግድ ይቀየሙኛል? ፓቲያላ በምትባለው የፑንጃብ ከተማ በተማርኩባቸው ዓመታት አዲስ የመጡ ልጆች ይህንኑ ደጋግመው ጠይቀውኛል፤ መልሴም አልተለወጠም። ሂዱ፣ ነገር ግን ለማየት ብቻ አትሂዱ። ቫይሳኪ ከበር ቆሞ ፎቶግራፍ ለሚያነሳ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ የቀረው ግማሽ ያለው ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው።

በዓሉ የሚውለው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 5 ወይም 6 ቀን ነው። ቫይሳክ የሚባለው ወር የሚብትበትና የፑንጃብ ስንዴ ለአጨዳ የሚደርስበት ጊዜ ነው። ከከተማ ወጣ ስትሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሳው ሁሉ ቢጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ገበሬው ከሲክ ሃይማኖት በፊትም ይህን ቀን ሲያከብር ኖሯል። የሲኮች ሦስተኛ መምህር የነበሩት ጉሩ አማር ዳስ ደግሞ ተከታዮቻቸው በዚሁ ቀን ጎይንድዋል በተባለችው ከተማ እንዲሰበሰቡ አደረጉ። እንዲህ እያለ ቆይቶ በዓሉን ዛሬ የምናየውን መልክ ያስያዘው በ1699 አናንድፑር በተባለችው የፑንጃብ ከተማ የሆነው ነገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩን ሳታውቁ አትሂዱ፤ በዕለቱ የምታዩት ሰይፍም፣ ጎድጓዳ የብረት ሳህንም፣ ከሰልፉ ፊት የሚሄዱት አምስት ሰዎችም ከእርሱ የመጡ ናቸውና።

ሳትሄዱ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

ዘጠነኛው ጉሩ (መምህር)፣ ጉሩ ቴግ ባሃዱር፣ በ1675 ያን ጊዜ ሕንድን ይገዙ በነበሩት በሙጋሎቹ ትእዛዝ ዴልሂ ውስጥ አንገታቸው ተቀላ። ያን ጊዜ ልጃቸው ጎቢንድ ራይ ገና ሕፃን ነበር፤ የአባቱን ቦታ ተረክቦ አሥረኛው ጉሩ ሆነ። በ1699 የቫይሳኪ ዕለት ተከታዮቹን አናንድፑር ላይ ጠራ። ሲኮች እንደሚተርኩት ጉሩው በሕዝቡ ፊት ቆሞ ሰይፉን መዘዘና ራሱን የሚሰጥ ሰው ጠየቀ። ሕዝቡ ጸጥ አለ። በመጨረሻ ከላሆር የመጣው ዳያ ራም ተነሣ። ጉሩው ወደ ድንኳን ይዞት ገባ፤ ሲወጣ ሰይፉ ደም ለብሶ ነበር። አሁንም ሌላ ሰው ጠየቀ። ዳራም ዳስ ከሃስቲናፑር፣ ሂማት ራይ ከጃጋናት ፑሪ፣ ሞክካም ቻንድ ከድዋርካ፣ ሳሂብ ቻንድ ከቢዳር አንድ በአንድ ተነሥተው ገቡ። ከዚያ አምስቱም አንዳች ሳይሆኑ፣ አዲስ ልብስ ለብሰው ከጉሩው ጋር ወጡ።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ከሕንድ አራት ማዕዘን የመጡ ብቻ አልነበሩም። ከመካከላቸው ገበሬ አለ፣ ውኃ ቀጂ አለ፣ ፀጉር አስተካካይ አለ። አንዱ ዘር የሌላውን ብርጭቆ በማይነካበት አገር ጉሩው አምስቱን ከአንድ የብረት ሳህን አጠጣቸው። የጠጡት ውኃ ላይ የጉሩው ባለቤት ስኳር እንደ ጨመሩበት ይነገራል፤ ጸሎት እየተደገመበትም በሁለት አፍ ሰይፍ ተማሰለ። አምሪት የሚሉት ይህን ነው። ቀጥሎ የሆነውን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይነካል፤ ጉሩው ራሱ በአምስቱ ፊት ተንበርክኮ «እኔንም አጠጡኝ» አለ። መምህሩ ከደቀ መዛሙርቱ እጅ ተቀበለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ጎቢንድ ሲንግ ሆነ፤ አምሪት የሚቀበሉ ወንዶች ሲንግ፣ ሴቶች ካውር ይባላሉ፤ ማኅበሩም ኻልሳ ተባለ። አባላቱ አምስት ነገር ከሰውነታቸው አይለዩም፦ ያልተቆረጠ ፀጉር፣ ትንሽ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የውስጥ ሱሪና ኪርፓን የሚባለው አጭር ሰይፍ። ስለዚህ ጉርድዋራ ውስጥ ወገቡ ላይ ሰይፍ የታጠቀ ሽማግሌ ብታዩ አትደንግጡ፤ ለደካማ የመቆም ቃል ኪዳኑ ምልክት ነው።

አለባበስና መግቢያ

ራስ መሸፈን ለወንድም ለሴትም ግዴታ ነው። ሴቶች ነጠላችሁን ያዙ፤ ስስ ስለሆነ ለሙቀቱም ይመቻል፣ ሰውም ይወድደዋል። ወንዶች መሐረብ እሰሩ፤ ከሌላችሁ በር ላይ ያበድሯችኋል። ኮፍያ ግን አይሆንም። ልብሱ ክንድና ጉልበትን የሚሸፍን፣ ሰፋ ያለና ከጥጥ የተሠራ ይሁን፤ መሬት ላይ እግር አጣጥፋችሁ ስለምትቀመጡ ጠባብ ሱሪ ያሠቃያችኋል። የሚያዝያ ፀሐይ ፑንጃብ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ከ35 ዲግሪ በላይ ሊወጣ ይችላል። ሲጋራ ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥም አይኑር። ሲኮች ዘንድ ትንባሆ ከባድ ነውር ነው፤ መጠጥ ቀምሶ መምጣትም እንዲሁ።

ጫማችሁን በር አጠገብ ላሉት አስረክባችሁ ቁጥር ያለበት ምልክት ትቀበላላችሁ። ጫማ የሚቀበሉት ሰዎች ደመወዝተኞች አይደሉም። ትልቅ ሱቅ ያለው ነጋዴም፣ የመንግሥት ሹምም በበዓል ቀን እዚያ ቁጭ ብሎ የሰውን ጫማ አቧራ ይጠርጋል። ሴቫ ይሉታል፣ ያለ ክፍያ የሚደረግ አገልግሎት ማለት ነው። ሳንቲም ልስጥ እንዳትሉ፤ «ሳት ስሪ አካል» ብላችሁ መዳፋችሁን ገጥማችሁ እጅ መንሣት ይበቃል። ይህ ሰላምታ ከማንም ጋር ያግባባችኋል። በዕድሜ የገፉትን ሴቶች «ማታ ጂ»፣ እኩያችሁን ወንድ «ቪር ጂ» በሉ። እነርሱም ወዲያው «ፑታር» ማለት ይጀምራሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ወንድ ሆናችሁ ሴት ለውጥ የለውም። እጅና እግራችሁን ታጠቡና ግቡ።

አዳራሹ ውስጥ ከፊት ለፊት በጨርቅ ያጌጠ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቅዱስ መጽሐፋቸው ጉሩ ግራንት ሳሂብ ተዘርግቷል። መጽሐፉ 1430 ገጽ አለው። ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1708 ሊያርፍ ሲል ከእርሱ በኋላ ሰው ጉሩ እንደማይኖርና መጽሐፉ ጉሩ እንደሚሆን ስለ ተናገረ፣ የሚያከብሩት እንደ ሕያው መምህር ነው። ሲክ የሆነ ሰው ግንባሩን መሬት ነክቶ ይሰግዳል። እንግዳ የመስገድ ግዴታ የለበትም። ሃይማኖታችሁ ካልፈቀደላችሁ ፊት ለፊቱ ለአፍታ በአክብሮት ቁሙና ወደ ጎን ሄዳችሁ ተቀመጡ፤ ይህን አድርጌ ክፉ ፊት ያሳየኝ ሰው የለም። የሚቀየሙት እግራችሁን ወደ መጽሐፉ ስትዘረጉ ወይም ጮክ ብላችሁ ስታወሩ ነው። ለበዓሉ ሲባል መጽሐፉ ከሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ ሳይቋረጥ ይነበባል፤ አንባቢዎች እየተፈራረቁ 48 ሰዓት ገደማ ይወስድባቸዋል። ጠዋት በጊዜ ከደረሳችሁ የንባቡን ፍጻሜ ታገኛላችሁ። ቋንቋው ባይገባችሁም ከሃርሞኒየምና ከታብላ ጋር የሚዜመውን መዝሙር እየሰማችሁ ቆዩ። ከመዝሙሮቹ መካከል ሲክ ያልነበሩት ባለቅኔዎች የካቢርና የሼህ ፋሪድ አሉበት። ሼህ ፋሪድ ሙስሊም ነበሩ፤ ግጥማቸው ግን ከሲኮቹ ቅዱስ መጽሐፍ ገብቶ በየጉርድዋራው ይዜማል።

አምሪት የመቀበል ሥርዓቱ በዚሁ ቀን ይካሄዳል፤ እርሱ ግን ለእንግዳ ክፍት አይደለም። ለማየት አትጠይቁ።

ሰንደቁና ሰልፉ

ከውጭ የሚደረገውን አንድ ነገር ብቻ እንድታዩ ቢፈቀድላችሁ የሰንደቁን እጥበት ምረጡ። በየጉርድዋራው ደጅ ኒሻን ሳሂብ የሚባል፣ ከላይ እስከ ታች ጨርቅ የለበሰ ረጅም የሰንደቅ ዓላማ ምሰሶ አለ። ቫይሳኪ ዕለት ጠዋት ያረጀው ጨርቅ ይወልቅና ምሰሶው ራቁቱን ይቀራል። ወንዱም ሴቱም ተጠጋግቶ ውኃና ወተት እያፈሰሰ በእጁ ያሸዋል። ወተቱ በብረቱ ላይ ሲወርድ ሕፃናት በወላጆቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ከዚያ በንጹሕ ፎጣ ይደርቅና አዲሱ ጨርቅ፣ ቢጫ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ፣ ከላይ ጀምሮ እየተጠቀለለ ይወርዳል። በመጨረሻ አንድ ሰው በታላቅ ድምፅ «ቦሌ ሶ ኒሃል!» ይላል፤ ሕዝቡ በአንድ አፍ «ሳት ስሪ አካል!» ብሎ ይመልሳል። እናንተም መልሱ።

ሰልፉን ናጋር ኪርታን ይሉታል። አምስት ሰዎች የሻፍሮን ቀለም ያለው ልብስ ለብሰው፣ ሰይፍ መዝዘው፣ በባዶ እግራቸው ከፊት ይሄዳሉ፤ የ1699ዎቹን አምስት ሰዎች ይወክላሉ። ከእነርሱ ፊት መንገዱን በመጥረጊያ የሚጠርጉ፣ ውኃ የሚረጩና አበባ የሚበትኑ አሉ። ከኋላ መጽሐፉ በአበባ በተሸለመ መኪና ላይ ይመጣል። ወጣቶች ጋትካ የሚባለውን የሰይፍና የዱላ ጨዋታ ያሳያሉ። በዚያ ጊዜ ራቅ በሉ፤ ዱላው በፍጥነት ይዞራል። በየመንገዱ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው ሻይ፣ ሙዝና ፓኮራ የሚባል በዘይት የተጠበሰ መክሰስ የሚያድሉ ሰዎች «ውሰዱ» እያሉ ይለምኗችኋል። ዋጋ የለውም። የዶል ከበሮና የባንግራ ጭፈራ ደግሞ የሜዳው ባዛርና የመንደሩ ነው፤ ጉርድዋራ ውስጥ አይጨፈርም።

ወጥ ቤቱ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ላንጋር ከመጀመሪያው መምህር ከጉሩ ናናክ የመጣ የነጻ ማዕድ ነው፤ የማንም ዘር፣ ሃይማኖት፣ ሀብት ሳይጠየቅ ሁሉም መሬት ላይ በአንድ መስመር ተቀምጦ አንድ ዓይነት ምግብ ይበላል። ከአንድ ሳህን የጠጡት የአምስቱ ሰዎች ታሪክ በየቀኑ በሥራ የሚተረጎመው እዚህ ነው። ስለዚህ በልታችሁ ብቻ አትውጡ። ወደ ወጥ ቤቱ በር ሂዱና «ሴቫ» በሉ። ይህች አንዲት ቃል ትበቃለች፤ ወዲያው ሥራ ይሰጧችኋል።

ለጀማሪ የሚሻለው ነጭ ሽንኩርት መላጥ ነው። ክብ ሠርተው ከተቀመጡት ሰዎች መካከል ቦታ ይለቀቅላችኋል፣ ከምንጣፉ መሐል ከተከመረው ታነሣላችሁ፣ ከጎናችሁ ያሉት ስለ አገራችሁ ይጠይቋችኋል። ከዚያ ቀጥሎ ሮቲ የሚባለውን ስስ ቂጣ መዳመጥ አለ። ሊጡ እንደ ሎሚ ተድቦልቡሎ ይቀርባል፤ ትንሽ ዱቄት ነስንሳችሁ በመዳመጫ ትገፉታላችሁ። ምስጢሩ ዳሩን ከመሐሉ ማሳሳት ነው፤ መሐሉ ከሳሳ ምጣዱ ላይ ይቀደዳል። ከጎኔ ተቀምጠው ያዩኋቸው አንዲት አሮጊት ሮቲውን ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው ሁለት ሦስት ጊዜ ያጨበጭቡትና እጃቸው ላይ ክብ ይሆናል፤ ሳያዩ ወደ ኋላ ሲወረውሩት የሰው አልጋ የሚያህለው የብረት ምጣድ ላይ ቦታውን ይይዛል። ምጣዱ አጠገብ የቆሙት ደግሞ በረጅም ብረት እየገለበጡ፣ የተነፋውን እያነሡ፣ ጨርቅ በተነጠፈበት ቅርጫት ውስጥ ይከምሩታል። እሳቱ አጠገብ ያለው ሥራ የለመዱት ሰዎች ነው፤ ካልጋበዟችሁ አትግቡበት። ሰው ሲበዛ ሁልጊዜ እጅ የሚያንሰው ሳህን እጥበቱ ላይ ነው። ረጅም የማጠቢያ ገንዳ ግራና ቀኝ ሰው ተሰልፎ የብረት ሳህኑን ሲያሽ ጩኸቱ ጆሮ ይይዛል፤ እዚያ ቋንቋ አያስፈልግም።

ማዕድ ስትቀመጡ ሮቲውን በሁለት እጃችሁ ዘርግታችሁ ተቀበሉ። የሚያድለው ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚሰጣችሁ፤ አትቀሙት። ዳል የሚባለው የምስር ወጥ፣ አትክልትና ሩዝ፣ ብዙ ጊዜም ኺር የሚባል በወተት የተሠራ የሩዝ ጣፋጭ ይመጣል። የፈለጋችሁትን ያህል ይጨመርላችኋል፤ ነገር ግን ሳህን ላይ ማስተረፍ አይወደድም። ሲበቃችሁ መዳፋችሁን ሳህኑ ላይ አድርጉ።

ለኦርቶዶክስ ተማሪዎች አንድ የማስጠንቀቂያ ቃል አለኝ። ቫይሳኪ ብዙ ጊዜ ከሁዳዴ ጾም ጋር ይገጥማል። ላንጋር ሥጋም እንቁላልም የለውም፤ ይህን ሰምተው «የጾም ነው» የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ዳሉ በቅቤ ሊቁላላ፣ ሮቲውም ቅቤ ሊቀባ ይችላል፤ ኺሩ ወተት ነው። «ጊ (ንጥር ቅቤ) የሌለበት ሮቲ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እነርሱ ጾም የሚያከብሩ ሰዎች አክባሪ ናቸው፣ ፈልገው ያመጡላችኋል። ካልሆነም ሳትበሉ ስታገለግሉ መዋል ትችላላችሁ። አዳራሹ ውስጥ ከመውጣታችሁ በፊት የሚታደለው ትኩስ ጣፋጭ ካራህ ፕራሻድም ቅቤ አለበት። የተባረከ ስለሆነ ለሁሉም ይሰጣል፤ ከተቀበላችሁ ተቀምጣችሁ፣ ሁለት እጃችሁን እንደ ጽዋ ይዛችሁ ተቀበሉና እዚያው ብሉት። የማትቀበሉ ከሆነ እጃችሁን ገጥማችሁ ራሳችሁን በትሕትና መነቅነቅ በቂ ነው። ተቀብሎ መጣል ግን በፍጹም አይሆንም።

ከፋሲካ በኋላ ቤታችሁ ልትሠሩት ብትፈልጉ ስሌቱ ቀላል ነው። ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት አንድ ኩባያ፣ ንጥር ቅቤ አንድ ኩባያ፣ ስኳር አንድ ኩባያ፣ ውኃ ሁለት ኩባያ። ቅቤው ቅመም የሌለበት ይሁን፤ ኮረሪማና በሶብላ የገባበት የእኛ ቅቤ ጣዕሙን ይለውጠዋል። ስኳሩን በውኃው አሟሙታችሁ ለብቻ አፍሉ። በሌላ ወፍራም የብረት ድስት ቅቤውን አቅልጡና ዱቄቱን ጨምሩ፤ በመካከለኛ እሳት ሳታቋርጡ አማስሉት። መጀመሪያ ይላቆጣል፣ ቀጥሎ ይላላል፣ ከዚያ ቀለሙ ወደ ቡናማ ሲሄድና የተቆላ ስንዴ ሽታ ቤቱን ሲሞላው ደርሷል። ያን ጊዜ የፈላውን ውኃ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ፤ በኃይል ስለሚንጣጣ እጃችሁን አርቁ። ከድስቱ ዳር እስኪለቅና ቅቤው ፈቅ እስኪል ድረስ አማስሉና አውርዱት። ጉርድዋራ ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች ታጥበው፣ ጸሎት እየደገሙ ነው የሚሠሩት፤ በመጨረሻም በኪርፓን ይነካል።

ስጦታ ይዛችሁ መሄድ ብትፈልጉ ዱቄት፣ ምስር፣ ስኳር ወይም ወተት ውሰዱ፤ በቀጥታ ወደ ወጥ ቤቱ ይገባል። ቤት የተሠራ ምግብ አታምጡ።

የት ይሻላል?

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ በአቅራቢያችሁ ያለውን ጉርድዋራ ምረጡ። ፓቲያላ ያላችሁ ዱክ ኒዋራን ሳሂብ አለላችሁ። ትልቁ የቫይሳኪ ባዛር የሚቆመው ባቲንዳ አውራጃ ታልዋንዲ ሳቦ ላይ ነው። የታሪኩን ቦታ ማየት የሚፈልግ ግን አናንድፑር ሳሂብ ይሂድ፤ ኬሽጋር ሳሂብ የሚባለው ነጭ ሕንፃ ኮረብታው ላይ የቆመው አምስቱ ሰዎች በተነሡበት ስፍራ ነው፣ ውስጡም የጉሩው የጦር መሣሪያዎች ይታያሉ። እዚያው ከተማ በ2011 የተከፈተ ቪራሳት ኤ ኻልሳ የተባለ ትልቅ ሙዚየም አለ።

አምሪትሳር የሚሄድ ሰው የሲኮች ዋና ቅዱስ ስፍራ ከሆነው ከወርቃማው ቤተ መቅደስ በእግር ጥቂት ደቂቃ ተጉዞ ጃሊያንዋላ ባግ መግባት አለበት። ሚያዝያ 5 ቀን፣ ማለትም አፕሪል 13 ቀን 1919፣ ለቫይሳኪ ከየገጠሩ የመጡ ሰዎች ጭምር በተሰበሰቡበት በዚያ ግቢ የእንግሊዙ ጄኔራል ዳየር ወታደሮች ያለ ማስጠንቀቂያ ተኮሱ። መንግሥት ያመነው 379 ሟች ነው፤ የሕንድ ኮንግረስ የተባለው የፖለቲካ ድርጅት ወደ 1000 እንደሚደርስ ገምቷል። መውጫው ጠባብ ነበር፤ ሰዎች ጉድጓድ ውስጥ ዘለው ሞቱ፤ ጥይት የበሳው ግድግዳ ዛሬም አለ። የካቲት 12ን እያሰበ ያደገ ኢትዮጵያዊ እዚያ ግድግዳ ፊት የሚሰማውን መናገር አያስፈልገኝም። ፑንጃብ ውስጥ ሰዎች በዚህ ቀን የሚደሰቱትም የሚያዝኑትም አብረው ነው፤ ስለዚህ በዓሉ ላይ አንድ ሽማግሌ ዝም ብሎ ብታዩት ምክንያቱን አትጠይቁት።

ከፑንጃብ ውጭ ላላችሁም ዕድሉ አለ። ዱባይ ጀበል አሊ ውስጥ በ2012 የተከፈተው ጉሩ ናናክ ዳርባር ማንኛውንም እንግዳ ይቀበላል፤ ለንደን ሳውዝሆልና ካናዳ ሰሪ ውስጥ ያሉት ሰልፎች ደግሞ እጅግ ትልልቅ ናቸው። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረጉት በበዓሉ አቅራቢያ ባለ ቅዳሜ ወይም እሑድ ስለሆነ ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አናንድፑር ለሚሄዱ የመጨረሻ ምክር፦ ከፓቲያላ በሮፓር በኩል በአውቶቡስ ይደረሳል፤ በበዓሉ ዋዜማ ተነሡ። የጉርድዋራዎቹ ማደሪያዎች በጊዜ ስለሚሞሉ አንሶላና የውኃ ኮዳ ያዙ። ሌሊት ሳይነጋ ኬሽጋር ከወጣችሁ ወረፋው አጭር ነው፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ወጥ ቤቱ ውረዱ፤ የጠዋቱ ሊጥ የሚቦካው በዚያ ሰዓት ነውና ሰው ይፈልጋሉ።